መስካሪው ገዝቶታል ወይ?

ከቢቸና ጤፍ እስከ ኢንተርኔቱ የጌም መደብር፦ የደንበኛ ምስክርነት ዋጋው ስንት ነው?

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ የጤፍ መንገድ ነው። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላይ “የጎጃም ጤፍ” ተብሎ ከሚራገፈው ጭነት ውስጥ በዚህ መሥመር የሚወርደው ቀላል አይደለም። ይሁንና ጤፉን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚገዛው ጅምላ ነጋዴ ቢቸናን በዓይኑ አይቷት ላያውቅ ይችላል። እርሻውን አላየም፤ አውድማውን አላየም፤ ጆንያው ሲሰፋም አልነበረም። ገንዘቡን የሚያወጣው “ማኛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውኃ ያነሣል” በሚል የሌላ ሰው ቃል ላይ ነው። ለመሆኑ ይህ ቃል በብር ሲተመን ስንት ያወጣል?

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል ማኛ አዘዘ እንበል። በማኛና በተራው ነጭ ጤፍ መካከል ያለው ልዩነት በኩንታል 600 ብር ቢሆንና ከጭነቱ ሩቡ ተራ ነጭ ሆኖ ቢገኝ፣ ገዢው 15,000 ብር ከኪሱ ወጥቷል ማለት ነው። ደላላው በኩንታል 20 ብር ቢታሰብለት ከዚህ ጭነት በሐቅ የሚያገኘው 2,000 ብር ነው። ከላኪው ጋር ተስማምቶ ዓይኑን ቢጨፍን ደግሞ ከ15,000 ብሩ ይካፈላል። ሙሉውን እንኳ ብቻውን ወሰደው ብንል፣ ያገኘው የሰባት ጭነት ተኩል ኮሚሽን ነው። እንግዲህ ከዚህ ደንበኛ ወደፊት ስምንትና ከዚያ በላይ ጭነት የሚጠብቅ ደላላ በማጭበርበሩ ይከስራል፤ ሁለት ጭነት ብቻ የሚጠብቅ ግን ያተርፋል። የደላላው ቃል የሚታመነው ነገም ገበያ ላይ እንደሚገናኙ ሁለቱም ወገኖች ስለሚያውቁ ነው።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የንግዱ ማኅበረሰብ ዕቃን በስልክ ስክሪን እያየ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች አስተያየትና ኮከብ እየቆጠረ የሚገዛበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡ ዕቃውን ቀድሞ መሄድ ችሏል። በዚህ ገበያ የሚመሰክረው ማነው? ቢዋሽስ ምን ይቀርበታል?

የተሰፋ ጆንያ

የጤፍ ነጋዴ ዘንግቶ የማይዘነጋው አንድ ልዩነት አለ። የጤፉን ንጣት፣ ገለባውንና አሸዋውን በመዳፉ ዘርግቶ ያየዋል። እንጀራው ዓይን ማውጣቱን፣ ሊጡ ውኃ ማንሣቱን፣ ተጋግሮ ሲያድር አለመድረቁን ግን መዳፉ አይነግረውም። ይህ የሚታወቀው ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተጋግሮ ነው። በዚያን ጊዜ ጤፉ ተሽጧል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ፣ ማኛ ከሚባለው ዝርያና ከሌላ ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘ ነጭ ጤፍ ነው። ነጭን ከነጭ በመልክ ብቻ ለይቶ መማል ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህንኑ ጉዳይ በወግ ጽፈውታል። ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ሸቀጦችን ከመግዛት በፊት የሚለዩና ከተጠቀሙ በኋላ ብቻ የሚታወቁ ብሎ ከፈላቸው። በዚያው ዓመት ጆርጅ አከርሎፍ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ጻፈ። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ መካከለኛው ዋጋ ጥሩ መኪና ያለውን ከገበያ ያስወጣዋል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ብልሹው ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ምሁራን አንዱ የሆነው በዚህ ሥራው ነው። “ማኛ” በሚል ስም ሁሉም ነገር የሚሸጥ ከሆነ፣ እውነተኛውን ማኛ ያመረተው የቢቸና ገበሬ ለምን ይደክማል? የምስክርነት ጉዳይ የገዢው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርሱም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የቪዲዮ ጌምም የተሰፋ ጆንያ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ፊልም ከመዳፍ ላይ ናሙና ያነሰ እንጂ የበለጠ አይናገርም። ጌሙ የሚያስደስት ይሁን የሚያሰለች፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው ተከፍሎበት ከተከፈተ በኋላ ነው። ለዚህም ነው በዓለም ላይ የምስክርነት ጥበብ ከሁሉ በላይ የተፈተነው፣ ከሁሉ በላይም የተጭበረበረው በጌም መደብሮች የሆነው። ለእህል ነጋዴ የሚሆን ትምህርት ከዚያ ይገኛል ብንል የሚስቅብን አይጠፋ ይሆናል፤ ግን ይታገሡን።

ቁልፍ የተሰጣቸው መስካሪዎች

ስቲም ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያስተዳድረው የኮምፒዩተር ጌም መደብር ነው። የደንበኞችን አስተያየት አሁን ባለው መልክ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ኮከብ የለውም። ደንበኛው አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃል፦ ለሌላ ሰው ትመክረዋለህ ወይስ አትመክረውም? መስካሪው ጌሙ በስሙ ያለ መሆን አለበት፤ ስንት ሰዓት እንደተጫወተም ከአስተያየቱ አጠገብ ይጻፋል። ከሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት ጨዋታ በታች ከሆነ ገንዘቡን መመለስ ይፈቀድለታል። በኛ አነጋገር ጆንያውን ፈትቶ፣ አንድ ምጣድ ጋግሮ፣ ካልጣመው መመለስ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አልበቃም። ጌም ሠሪዎች ከመደብሩ ውጭ የሚያድሉት የመክፈቻ ቁልፍ አለ። ቁልፉን የተቀበለ ሰው ሳይገዛ ባለቤት ይሆናል፤ ባለቤት ስለሆነም ይመሰክራል። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ይፋ እንዳደረገው፣ ቢያንስ በ160 ጌሞች ላይ በቁልፍ የገቡት ሰዎች ከገዙት ደንበኞች በእጅጉ የበለጠ ያሞግሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በቁልፍ የገባ ሰው አስተያየት ይነበባል እንጂ በጠቅላላው ውጤት ውስጥ አይቆጠርም። ውሳኔው ንጹሐንንም ጎድቷል። ጌሙ ገና ሳይሠራ በፊት ገንዘባቸውን አዋጥተው ሠሪዎቹን የደገፉ ሰዎች ዕቃውን ያገኙት በቁልፍ ስለነበር ድምፃቸው አብሮ ቀረ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ “መስካሪው ገዝቶታል ወይ?” የሚለው ጥያቄ በበቃን ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የወጣው ጉድ ግን ይህንንም አፈረሰው። ኢንሰል ጌምስ የተባለ ማልታ ያለ ኩባንያ ኃላፊ ለሠራተኞቹ የላከው ደብዳቤ ሾልኮ ወጣ። ደብዳቤው ሠራተኞቹ የድርጅቱን አዲስ ጌም ከመደብሩ እንዲገዙና አስተያየት እንዲጽፉ፣ ያወጡትም ገንዘብ እንደሚተካላቸው የሚገልጽ ነበር። አስተያየት አለመጻፍ ውሎ አድሮ ሥራ እንደሚያሳጣም ያስጠነቅቃል። ቫልቭ የኩባንያውን ጌሞች በሙሉ ከመደብሩ አወጣቸው። እነዚህ መስካሪዎች ገዝተዋል፤ ደረሰኝ አላቸው። ጥያቄው “በማን ገንዘብ?” የሚለው ነው።

መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም። ሸማች መስሎ ቆሞ “በዚህ ዋጋ ከሆነ ሁለቱን ስጠኝ” እያለ ገበያውን የሚያሟሙቀው ሰው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ልዩነቱ እርሱ በአንድ ቀን አሥር ሰው ቢያሳስት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ግን ዓመቱን ሙሉ ሳይደክም ያሳስታል።

እውነተኛ ደንበኛ፣ ሌላ ጠብ

ሌላው ችግር ከውሸት የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የወጣው ሄልዳይቨርስ 2 የተባለ ጌም በኮምፒዩተር ተጫዋቾች ዘንድ እጅግ ተወዶ ነበር። በግንቦት መጀመሪያ አከፋፋዩ ሶኒ ተጫዋቾቹ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ሒሳብ የግድ እንዲከፍቱ እንደሚያደርግ አስታወቀ። አገልግሎቱ ደግሞ በብዙ አገሮች የለም፤ ኢትዮጵያም ከሌለባቸው አገሮች አንዷ ናት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200,000 በላይ የተቃውሞ አስተያየት ጎረፈ። ሶኒ ሳምንት ሳይሞላው ውሳኔውን ሰረዘ።

መስካሪዎቹ ገዝተዋል፤ በራሳቸው ገንዘብ ነው የገዙት፤ ለብዙ ሰዓታትም ተጫውተዋል። የጻፉት ግን ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሻጩ ውሳኔ ነው። በዚያ ሳምንት ውጤቱን አይቶ “ጌሙ ተበላሸ” ያለ ሰው ተሳስቷል፤ “ሻጩ ከደንበኛው ጋር ተጣልቷል” ያለ ደግሞ ልክ ነው። ስቲም ከመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጌሙ ጋር የማይገናኝ ነው ያለውን የአስተያየት ጎርፍ ከውጤቱ ያወጣል። ከጌሙ ጋር የሚገናኘውንና የማይገናኘውን የሚለየው ግን መደብሩ ራሱ ነው፤ መደብሩም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ የሚቆርጥ ነጋዴ ነው።

በገጠር ከተማ ይህ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። የአንድ እህል ሰብሳቢ ሚዛን ትክክል ሆኖ ሳለ በድንበር ወይም በጋብቻ ጉዳይ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ ጋር ከተቀያየመ፣ ሚዛኑ ጎዶሎ ነው የሚል ወሬ ሲዞር ሊሰነብት ይችላል። ወሬውን የሚሰማ የውጭ ነጋዴ ስለ ሚዛኑ የተነገረውን ከጠቡ መለየት አለበት። ከአንድ ቤተሰብ ብቻ የመጣ ሃያ ክስ እንደ አንድ ክስ ነው የሚቆጠረው፤ ከማይተዋወቁ ሦስት ቀበሌዎች የመጣ ሦስት ክስ ግን ሦስት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጌም ቤት አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የክፍለ ሀገር ከተማ ወጣት ፕሌይስቴሽንን በአብዛኛው የሚያውቀው በየጨዋታው እየከፈለ በጌም ቤት ነው። ለባለ ጌም ቤቱ ከማንኛውም ኮከብ የሚበልጥ ምስክርነት ደጁ ላይ አለ። ተራ የሚጠበቅበት ጌምና ማንም የማይነካው ጌም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለያሉ፤ ከኪሱ ብር አውጥቶ ድምፅ የሚሰጥ ልጅ ለማንም ውለታ ብሎ አይጫወትም። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ ማዋል ያሰበ ሰው የኢንተርኔቱን አስተያየት ከማንበብ በፊት ሌላ ከተማ ሄዶ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ዝም ያለው ደንበኛ

ጥሩ ስም በገንዘብ እንደሚተመን የተረጋገጠበት ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ተመሳሳይ የድሮ ፖስት ካርዶችን በሁለት መንገድ ሸጡ፤ ግማሹን ብዙ መልካም አስተያየት በሰበሰበ ነባር ሻጭ ስም፣ ግማሹን ማንም በማያውቃቸው አዳዲስ ስሞች። ሻጩ በእውነቱ አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት ገዢዎች ለነባሩ ስም 8.1 በመቶ ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ።

በዚያው በኢቤይ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ይጽፉ ነበር። ገዢው ክፉ ከጻፈ ሻጩም ክፉ ይመልስለታል። ውጤቱ ምን ሆነ? የተበደለ ገዢ ራሱን ለማትረፍ ዝም ማለትን መረጠ፤ ገበያውም በምስጋና ተሞላ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጭ ስለ ገዢ ክፉ እንዳይጽፍ እስከ መከልከል ደረሰ።

ቢቸናና ሞጣም የሚፈሩት ይህንኑ ነው። በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ፣ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው ሸቀጥ ለእንግዳ ነጋዴ ክፉ አይናገሩም። “እንዴት ያለ ሰው ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ “ደኅና ሰው ነው” ይባላል። በዚህ አገር “ደኅና ሰው ነው” ሦስት ኮከብ ነው እንጂ አምስት አይደለም። የነቃ ደላላ የሚያዳምጠው የሚባለውን ብቻ አይደለም፤ መልሱ ስንት ሰከንድ እንደዘገየና ከሰውዬው ወደ ሸቀጡ ሲመጣ ወሬው መቀየሩንም ነው። “ጤፉስ?” ተብሎ “እሱን እንግዲህ አይተህ ነው” ከተባለ መልሱ ተሰጥቷል።

በፎቶግራፍና በኮከብ በሚሠራው ገበያ ይህ መልስ ይጠፋል። ዝም ያሉት አይቆጠሩም። ሃምሳ ሰው ገዝቶ አምስቱ አመስግነው አርባ አምስቱ ዝም ካሉ፣ ስክሪኑ የሚያሳየን አምስት ምስጋና ነው።

የቴሌግራሙ ሱቅ

በአገራችን የኢንተርኔት ንግድ ሲባል በአብዛኛው የሚታየው የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ነው። ከጫማ እስከ ያገለገለ ላፕቶፕና ፕሌይስቴሽን በዚያ ይሸጣል። ከስቲም ጋር ሲወዳደር ጉዳዩ የከፋ ነው። ቻናሉን የከፈተው ሻጩ ነው፤ አስተያየት የሚፈቅደውም የሚዘጋውም ሻጩ ነው፤ ክፉ የጻፈውን የሚያጠፋውም እርሱ ነው። “ዕቃው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ” የሚል መልእክት ፎቶ እየተነሣ ይለጠፋል። መልእክቱን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ሻጩ በሁለተኛ ስልኩ ለራሱ የጻፈው ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ የለም። ምስክሩንም መዝገቡንም ችሎቱንም አንድ ሰው ይዞታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዚህ ረገድ በሁለት የጉዞ ድርጅቶች ላይ የተሠራ ጥናት ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። ኤክስፔዲያ ላይ አስተያየት የሚጽፈው በዚያው በኩል ሆቴሉን ተከራይቶ ያደረ ሰው ብቻ ነበር፤ ትሪፕ አድቫይዘር ላይ ግን ማንም መጻፍ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት የአንድን ሆቴል ውጤት በሁለቱም ላይ ሲያነጻጽር፣ ለማጭበርበር ምክንያት ያላቸው ተፎካካሪዎች በአቅራቢያው ያሉበት ሆቴል፣ ማንም በሚጽፍበት መድረክ ላይ ክፉ አስተያየት በዝቶበት ተገኘ። ማንም መጻፍ በሚችልበት ስፍራ ጎረቤትም ይጽፋል ማለት ነው።

ሕጉስ? የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን ከሐሰተኛና ከአሳሳች ማስታወቂያ ይጠብቃል፤ ለደረሰበትም ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄደ። አሜሪካ ውስጥ በገንዘብ የተገዛና የሐሰት የደንበኛ አስተያየትን በስም ጠቅሶ የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ነው፤ ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ስሙ በማይታወቅ የቴሌግራም ሻጭ 8,000 ብር የተበላ የሞጣ ነጋዴ ግን ማንን ይከሳል? የክሱ ወጪ ከተበላው በላይ እስከሆነ ድረስ አዋጁ ለእርሱ ብዙም አይጠቅመውም።

ገማቾችና ደረጃ መዳቢዎች

ምስክርነትን ከሰው አፍ አውጥቶ ለመንግሥት ወይም ለተቋም ለመስጠት በጎጃም ብዙ ተሞክሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የገበሬውን ምርት ገምቶ ግብሩን የሚያስወስን ገማች ተመደበ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግብሩን እንቢ ብሎ መሣሪያ እስከ ማንሣት ደረሰ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። የዐመፁ ምክንያት ብዙ ነው፤ መሬቱ ይለካብናል፣ ርስታችን ይወሰዳል የሚለው ሥጋት ዋነኛው ነበር። ያም ሆኖ ያላረሰ ሰው ስለ አውድማው የሚሰጠውን ምስክርነት አለመቀበልም በውስጡ ነበረበት።

በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህሉን ሲሰበስብ የግል እህል ንግድ በጎጃም ታግዶ ነበር። የሚጠበቀው ኩንታሉ ብቻ ከሆነ ለጥራት ስም ማትረፍ ለማን ይጠቅማል? በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ንግዱ ሲፈታ፣ ነጋዴውና ደላላው ስማቸውን ከዜሮ ጀምረው መገንባት ነበረባቸው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት የሚያሳየን ይህንኑ ገበያ ነው። ደረጃ የወጣለት እህል ስለሌለ ሁሉም በዓይን ይታያል፤ ሩቅ ያለው ነጋዴ አዲስ አበባ መጥቶ ማየት ስለማይችል ዓይኑን ለደላላ ያከራያል፤ ደላላውም በኩንታል የተቆረጠ ክፍያ እየተቀበለ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል።

እርሳቸው የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሲከፈት ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ መጋዘን፣ ናሙና፣ ላቦራቶሪ፣ ደረጃ፣ ደረሰኝ። የሰው ቃል በቁጥር ይተካ የሚል ነው። በስንዴና በበቆሎ ጀምሮ ወደ ቡናና ሰሊጥ ሲያዘነብል ግን ሌላ ቅሬታ መጣ። ቡናው በደረጃ ሲደባለቅ የማን ማሳ እንደነበር ጠፋ፤ ለስሙ ብሎ የሚከፍለው የውጭ ገዢ ስሙን አጣው። ሥርዓቱም ከ2009 ዓ.ም. በኋላ ምንጩን ለመከታተል እንዲያስችል ተደርጎ ተሻሻለ። ደረጃው ስለ ቡናው ይናገራል፤ ገዢው ደግሞ ስለ አምራቹ መስማት ይፈልጋል።

የቢቸናና የሞጣ ጤፍ ዛሬም በዋነኛነት በዓይንና በቃል ይሸጣል። የቃሉ ዋጋ ግን እየተጎዳ ያለ ይመስለናል። ከላይ ያሰላነውን ስምንት ጭነት እናስታውስ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። የጤፉን ፎቶ በቴሌግራም መላክ በማይቻልበት ጊዜ ለገዢው የቀረው በስልክ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ፣ ቀጣዩ ጭነት ይውረድ አይውረድ የማያውቅ ሰው ስምንት ጭነት አይጠብቅም፤ ምናልባት ሁለት ቢጠብቅ ነው። ሁለት ጭነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ምን እንደሚል አይተናል። ትናንት ሐቀኛ የነበረ ደላላ ዛሬ ባሕርይው ሳይለወጥ ሒሳቡ ብቻ ሊለወጥበት ይችላል። ገዢዎች ቅድሚያ ክፍያውን እንዲቀንሱ፣ ጭነቱንም ከፋፍለው እንዲያዝዙ የምንመክረው ለዚህ ነው።

ከጌም መደብሩ ልንወስደው የምንችለው ካለ፣ የመመለስ መብቱንና ገዢ ብቻ የሚመሰክርበትን አሠራር ነው። ጤፍ በመኪና ተጭኖ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጣ በኋላ ወደ ቢቸና መመለስ የማይታሰብ ነው። ናሙናን መመለስ ግን ይቻላል። ሲጫን ከየጆንያው ሆድ የተወሰደ ናሙና በሁለት ከረጢት ታሽጎ አንዱ ከላኪው፣ አንዱ ከሾፌሩ ጋር ቢሆን፣ እህል በረንዳ ላይ ሲራገፍ ከጭነቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ካልተመሳሰለ የሚቀነሰው ብር አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል። ወጪው ሁለት ከረጢት፣ ጥቂት ኪሎ ጤፍና የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ጉልበት ነው። በ100 ኩንታል ላይ ሲከፋፈል ከኮሚሽኑ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ ከረጢቱን የሚያሽገው ማን ይሁን? ላኪው እንዳይሆን ላኪ ነው፤ ደላላው እንዳይሆን ከሁለቱም ይቀበላል። የወፍጮ ቤት ባለቤቶችን የሚጠቅሱ አሉ፤ ጤፉ ሲፈጭም ሲቦካም ወሬው ተመልሶ የሚደርሳቸው እነርሱ ናቸውና። ለሥራው በኩንታል ምን ያህል ሊከፈላቸው እንደሚገባና ያንን ገዢው ይክፈለው ወይስ ሻጩ የሚለው በሚቀጥለው የታኅሣሥ መውቂያ ነጋዴውና ደላላው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው።